ጋሼ ክራር ያነሱ ለት

የውይይቱን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የተባለውን የመተረኩም ዕዳ የኔ ነው። መድረካችን የጅማ ሙዚቃ ወዳጆች በኢንተርኔት የምንሰባሰብበት ነው። ብዙውን ጊዜ የድሮ ካሴት ሽፋን እየለጠፍን፣ ሳክስፎኑን ማን ነፋው እያልን ስንነታረክ እንውላለን። ያን ሰሞን ግን በሦስት ቀን 29 መልስ ገባ። ለኛ ይህ ጎርፍ ነው።

የመክፈቻ ጽሑፌ ፍሬ ነገር ይሄ ነበር። ቅዳሜ ማታ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወዳለ አንድ ሆቴል ሄድኩ። ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ፣ ባጃጅም ጠፍቶ፣ በጣም ዘግይቼ ደረስኩ። አዳራሹ በሻማ ነው። ሰው ጥቂት ነው፤ ዝናቡ ብዙውን አስቀርቶታል። መድረኩ ላይ ጋሼ ተቀምጠዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ የከተማው ሰው ያውቃቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጊታር በትከሻቸው አንጠልጥለው፣ ቆመው የተጫወቱ ሰው ናቸው። ሠርግ ላይ እንግዳው ምግብ ሲያነሳና ባንዱ ሲያርፍ፣ እሳቸው ብቻቸውን ቀርተው ማጉያውን ከፍ አድርገው የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የሌድ ዘፕሊንን ጊታር ይለቁበት ነበር። አንድ ጊዜ የሙሽራው አባት በሩጫ መጥተው፣ መዳፋቸውን ወደ መሬት ዘርግተው ዝቅ አድርግ ሲሏቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

እኚህ ሰው ቅዳሜ ማታ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ክራር ይዘዋል። ማይክ የለም። ማጉያ የለም። ጊታራቸው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔ ከገባሁ በኋላ እንኳ አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ተጫወቱ። አብዛኛው የታወቀ ዜማ ነው፤ እየዘፈኑ ነው የሚጫወቱት። አንዱን ግን ያለ ግጥም፣ ዜማውን ብቻ ተጫወቱት። ያኔ ፊት የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ተያይተው ሳቁ። ለምን እንደሳቁ አልገባኝም። ሁሉም ነገር ያምር ነበር፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

የከነከነኝን ጻፍኩት። ሮበርት ፕላንትም ይህንኑ አደረገ አልኩ። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1980 የሌድ ዘፕሊን ድምፅ የነበረው ሰው፣ ያ ጸጉሩን እየነሰነሰ ስታዲየም ሲያንቀጠቅጥ የኖረው፣ ዛሬ ሴቪንግ ግሬስ ከሚባል ትንሽ ቡድን ጋር ይዞራል። ባንጆ፣ ቼሎና አኮርዲዮን ከበውት፣ ከዘፋኟ ከሱዚ ዲያን ጋር እየተቀባበለ፣ የድሮ የባላገር ዘፈኖችን፣ ብሉዝና መንፈሳዊ መዝሙሮችን ይዘፍናል። ከዚያ ድምዳሜዬን ወረወርኩ። ሮከር ሲያረጅ ወደ ሥሩ የሚመለሰው ጉልበት ሲያልቅበት ነው፤ ሥር የሚሉት ነገር የጡረታ መውጫ በር ነው አልኩ። የተሳሳትኩ ካለ አርሙኝ ብዬም ጨመርኩበት። አንድ የደበዘዘ ፎቶ ለጠፍኩና ተኛሁ።

መልስ 1 ጨዋ ነው። ስለ ጽሑፉ አመስግኖ ቪዲዮ ካለ ለጥፍልን አለ። መልስ 2ም ቪዲዮ ጠየቀ። ከላዩ ያለውን አንድ መልስ ለማንበብ እንኳ አልታገሠም።

መልስ 3 ከኔ ጋር ነው። አጎቱ ዕድሜ ልኩን በጅማ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ በቅሎ ገዛ። ልጅ ሆኖ የቡና ጆንያ ወደ ገበያ የሚያመላልሰው በበቅሎ ስለነበር፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ያቺን በቅሎ ይዞ በአዌቱ ዳር ይሄዳል። ጭነት የለ፣ ምን የለ። ሰው ሲደክም የጀመረበት ይናፍቀዋል ሲል ደመደመ። ደስ አለኝ። ደጋፊ አገኘሁ ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ደስታዬን መልስ 4 አፈረሰው። ጸሐፊው ትሑት ነው፣ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚያርመው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው የምፈራው። ፕላንት ወደ ባላገር ሙዚቃ የሄደው በስተርጅና አይደለም ይላል። በ1970 ከባንዱ ጊታሪስት ከጂሚ ፔጅ ጋር ዌልስ ውስጥ መብራት በሌላት አንዲት የገጠር ቤት ከርመው፣ ሦስተኛው አልበማቸው ሲወጣ ግማሹ ማጉያ በማይፈልግ አኩስቲክ ጊታር የተሠራ ነበር። ያኔ ፕላንት ገና 22 ዓመቱ ነው። በዓመቱ ደግሞ ፌርፖርት ኮንቬንሽን በሚባለው የባላገር ሙዚቃ ባንድ የምትታወቀውን ሳንዲ ዴኒን አምጥቶ አብሯት ዘፈነ። መመለስ የድካም ምልክት ከሆነ ሰውየው በ22 ዓመቱ ደክሞት ነበር ማለት ነው።

ቀጠለ። ዲሴምበር 10 ቀን 2007 ሌድ ዘፕሊኖች ለንደን ኦ2 አዳራሽ ለአንድ ሌሊት ተሰባሰቡ፤ ከበሮውን የሟቹ የጆን ቦንሃም ልጅ ጄሰን መታ። 20 ሚሊዮን የትኬት ጥያቄ መጣ ተብሎ ተዘግቧል። ዓለም ሁሉ ቀጥሉ ሲል እምቢ ያለው ፕላንት ነው። በዚያው ዓመት ከአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ከአሊሰን ክራውስ ጋር ያወጣው ለስላሳ አልበም በ2009 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ። ጉልበት ያለቀበት ሰው ቤቱ ይቀመጣል እንጂ የሚለመንበትን አዳራሽ ትቶ ሌላ ሥራ አይጀምርም ብሎ ቋጨ።

መልስ 5 የኔ ነው። አመሰገንኩ። ግን ሙሉ በሙሉ እጄን አልሰጠሁም። ያ ጣሪያ የሚበሳ ድምፅ ዛሬ እንደ ድሮው አይወጣም፤ ይህንንስ ምን ትለዋለህ አልኩ። ደካማ መከራከሪያ መሆኑን ስጽፈው ራሱ አውቀዋለሁ።

መልስ 6 ከመገለጫው ፎቶ የተነሳ ባለክራሩ የምንለው ሰው ነው። ስለ ፕላንት አንድ ቃል አልተናገረም። የኔን ደብዛዛ ፎቶ ግን እንደ ሐኪም መርምሮታል። የክራሩ ገበቴ በጨሌና በዛጎል ያጌጠ ነው፤ ይሄ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል እንጂ የሚጫወቱበት አይደለም አለ። እንዲህ ያለው ክራር ቅኝት አይዝም፤ ሁለት ዘፈን ሳይሞላ ይረግባል። ደግሞም ካሉት ስድስት አውታሮች አንዱ ከሌሎቹ ይለያል፤ ያብለጨልጫል፣ ጫፉም ሳይቆረጥ ከቀንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሼን የሚያህል ሰው እንዲህ ያለ ክራር ይዞ መድረክ አይወጣም፤ የሆነ ነገር አለ ብሎ አበቃ። መጨረሻው ላይ ግርፍ ነው ድርድር ነው የተጫወቱት ብሎ ጠየቀ።

ድርድር ነው ብዬ በመልስ 7 መለስኩ። አውራ ጣታቸው ከታች እየጠበቀ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ እየለቀሙ። ክራሩን በጊታር እጅ ነበር የያዙት ብዬም ጨመርኩ። የሆነ ነገር አለ ያለውን ግን አለፍኩት። ባለክራሩ ሁልጊዜ የሆነ ነገር አለ ይላል።

መልስ 8 ጊታር የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ከክሩ ሁሉ ብዙ የተማርኩት ከዚህ ነው። ጀማሪ የሮክ ጊታሪስት በመጀመሪያው ሳምንት የሚለማመዳት አንዲት ባለ አምስት ኖታ ስኬል አለች፤ ማይነር ፔንታቶኒክ ትባላለች። የብሉዝ ጊታር ግማሹ እሷ ናት፤ የሌድ ዘፕሊን ሶሎም ብዙው ከእሷ ነው የሚቀዳው። ይህች ስኬል ከኛው ቅኝት ከባቲ ማይነር ጋር ኖታ ለኖታ አንድ ናት አለ። ትዝታ ሜጀርም እነሱ ሜጀር ፔንታቶኒክ ከሚሏት ጋር አንድ ናት። እንግዲህ ጋሼ ሠርግ ላይ ጊታሩን ሲያስጮሁ የነበሩት በባቲ ነው፤ ቅዳሜ ማታም ባቲ ከተጫወቱ፣ የት ሄደው ነው የተመለሱት? ይህን ሳነብ ትንሽ ዝም አልኩ።

ባለክራሩ በመልስ 9 አላለፈውም። ወረቀት ላይ አንድ ናቸው፣ ጆሮ ላይ ግን አይደሉም አለ። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ ጊታር ደግሞ አንገቱ ላይ የተደረደረ ብረት፣ ፍሬት አለው፣ ብረቱ ያሰምርልሃል። የባቲ ለዛው በኖታዎቹ መካከል በምትንሸራተተው ነገር ላይ ነው። አስተማሪው ልጅ እሱንማ ጋሼ ገመዱን በጣታቸው እየጎተቱ ያመጡት ነበር ብሎ ሊመልስ ሲል ክሩ ሌላ አቅጣጫ ያዘ።

ምክንያቱም መልስ 10 ተቆጡ። በዕድሜ የገፉ እናት ይመስሉኛል፤ አጻጻፋቸው እንደዚያ ነው። ፕላንት የተወለደው ነሐሴ 14 ቀን 1940 ዓ.ም. ነው፤ ሰማንያ ሊደፍን ምን ቀረው? ታዲያ በምን ጨዋነት ነው እሱ፣ ሰውየው እያላችሁ የምትጽፉት? የጅማ ልጅ እንዲህ አልነበረም አሉ። መልስ 11 አርቲስት አንተ የሚባለው ከንቀት ሳይሆን ከፍቅር ነው ብሎ ሊያባብላቸው ሞከረ። አልተባበሉም። እኔም በሆዴ ጥሩ አሉ አልኩ፤ ግን ለእንግሊዛዊ እሳቸው ማለት ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ይኸው አሁንም እሱ እያልኩ ነው።

ከዚያ መልስ 12 የዓመተ ምሕረቱን ነገር አነሳ። 1968 የሚለውን በኛ አቆጣጠር አስቦት፣ ሌድ ዘፕሊን በደርግ ዘመን ነው እንዴ የተመሠረተው ብሎ ገርሞታል። መልስ 13 በኛ 1961 ነው ብሎ አስተካከለው፤ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የፈረንጁን እ.ኤ.አ. እያልን ለመጻፍ ተስማማን። ሁለት መልስ ያህል እንኳ አልጸናም።

መልስ 14 ነገሩን አሞቀው። ጅማ ቁጭ ብላችሁ ስለ እንግሊዝ ሽማግሌ ትጨነቃላችሁ አለ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው እዚህ ነው። ምሕንድስና ሊማር ዌልስ ተልኮ ሙዚቀኛ ሆኖ ወጣ፣ ቦስተን በርክሊ ተማረ፣ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ። ከዚያ ሁሉ ቪብራፎን በኋላ ደግሞ ሃርቫርድ በተጋበዘ ጊዜ የተጠበበው ክራርን በማሻሻል ላይ ነበር። ወደ ሥር መመለስ ካላችሁ ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ፕላንት የተጠቀሰው ዌልስ ውስጥ መብራት የሌለው ቤት ስለከረመ ነው እንዴ?

መልስ 15 ሙላቱ ጃዝ ነው፣ ርእሱ ሮክ ነው አለ። ባጭሩ። መልስ 16 ሙላቱ ገና በልጅነቱ ነው የወጣው፤ ለተወለደበት ከተማ ሁሉ ምስጋና የምናከፋፍል ከሆነ የማዋለጃ ክፍሉንም እንሸልም ብሎ ተሳለቀ። ቀልዱ ያስቃል፤ ግን ሰው ተጎዳ። መልስ 17 የሚናገረውን የማያውቅ ሰው ብሎ ጀምሮ እኔ እዚህ የማልደግመውን ተናገረ። አወያያችን ሁለት መስመር አጠፋ። ቦታው ባዶ ሆኖ ቀርቷል፤ ሰው ግን የጠፋውን ለማወቅ አሁንም በግል ይጠይቀኛል።

ያበረደን ዋሽንግተን የሚኖር የጅማ ልጅ ነው። መልስ 18 ረጅም ነው፤ አንድ ሙሉ ሻይ ይፈጃል። ለመመለስ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ኃይሉ መርጊያ አለላችሁ አለ። በዋልያስ ባንድ ኦርጋን የሚጫወተው። በሰዓት እላፊ ዘመን ባንዶች ሰው መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ዋልያስም ሂልተን ላይ። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሲመጣ ቀረ። ታዲያ በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ካሴት ሲሠራ ያነሳው አኮርዲዮን ነበር፤ ልጅ ሆኖ የጀመረበትን መሣሪያ። ከጎኑ ግን ሲንተሳይዘርና የኤሌክትሪክ ከበሮ አስቀምጧል። የድሮውን ያነሳው አዲሱን ጥሎ አይደለም። ከዚያ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከኋላ ዕቃ መጫኛው በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ሲታተም የዓለም መድረክ ጠራው።

ይኸው ሰው ተቃራኒውንም ጨመረ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተ፣ ከሥሩ ፈቀቅ ያላለ ሰው ነው። በስተርጅናው ግን ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ሮከሮች ጋር ተጣምሮ በ2006 አልበም አወጣ። ሰባ ዓመት አልፎት ወደ ጩኸት ሄደ። የኔ ሕግ ትክክል ቢሆን ኖሮ ጌታቸው ምን ሊባል ነው? እኔ አልመለስኩም። ምን ልመልስ?

መልስ 19 ሥር የሚለውን ቃል ራሱን ያዘው። ይሄኛው ስለታም ነው። የፕላንት ሥር የምትሉት የማን ሥር ነው አለ። በእንግሊዝ መሐል አገር ያደገ ልጅ የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ በሸክላ ሰምቶ ወደደ፤ ጥሩ። ግን ሌድ ዘፕሊን ያንን ሲወስድ ሁልጊዜ ስም አልጠራም። የብሉዝ ደራሲው ዊሊ ዲክሰን በ1985 ከሷቸው በ1987 በስምምነት ነው የተጨረሰው። የሰው ጓሮ ውስጥ የበቀለን ነገር ወደ ሥሬ ተመለስኩ ማለት ይቻላል ወይ?

መልስ 20 ይቻላል አለ፤ ሥር ማለት የተወለድክበት ሳይሆን መጀመሪያ ያስደነገጠህ ድምፅ ነው። ክሱን አልካደም። ግን ሰውየው በኋላ የሠራውንም እዩ አለ። በ2003 ማሊ ድረስ፣ ቲምቡክቱ አካባቢ በረሃ ውስጥ ይደረግ በነበረ ፌስቲቫል ላይ ሄዶ ዘፈነ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ጋምቢያዊውን ጁልዴ ካማራን ከጎኑ አቆመ። ጁልዴ የሚጫወተው ሪቲ የሚባል መሣሪያ ነው፤ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር፣ የቅል ገበቴ፣ በደጋን የሚመታ። እኛ መሲንቆ ብለን የምናልፈው ዘመዱ ነው። ሪቲው የሮክ ጊታሩን ቦታ ወስዶ ሶሎ ሲጫወት ፕላንት ወደ ጎን ሸሽቶ ይቆማል አለ። አንድ የድሮ አለቃ ለሌላው ቦታ ሲለቅ ማየት ብርቅ ነው።

መልስ 21 ገና ልጅ ነው። ጃኖ ባንድን አታውቁም ወይ አለ። በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ኤርታሌ የሚለውን አልበም ሲያወጡ ሮኩንና ቅኝቱን አንድ ላይ ነው የጨፈለቁት፤ ሄዶ መመለስ፣ ሥርና ቅጠል፣ ይሄ ሁሉ የናንተ የሽማግሌዎች ጣጣ ነው። እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሽማግሌ መባሌን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ መልስ 22 መጣ። በመድረኩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉ ሰው ናቸው። ጽሑፉ ውስጥ አራት ነጥብ የለም፤ አንድ ላይ ይወርዳል። ጋሼን ከልጅነት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ አሉ። በደርግ ጊዜ አብረን የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርን። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ ካኪ ለብሰን፣ ጡጫችንን ጨብጠን እየዘመርን። ቀበሌው የነበረው ጊታር አንድ ብቻ ነው። ጋሼ ያንን ጊታር ፈለጉ። የተሰጠው ግን ለሊቀመንበሩ ዘመድ ነው። ለጋሼ ክራር ደረሳቸው።

ጠሉት። ክራሩን የጠሉት ክራር ስለሆነ አይደለም፤ ጊታር ስላልሆነ ነው። ሦስት ዓመት እየጠሉ ተጫወቱት። እጃቸው ግን ጎበዝ ነበር፤ ምን ይደረግ። ኪነቱ ሲፈርስ መጀመሪያ ያገኙትን ገንዘብ ይዘው አዲስ አበባ ሄዱና ጊታር ገዝተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ክራር በእጃቸው አላየሁም። ያለ ግጥም ተጫወቱት የምትለው ዜማ የኪነት መዝሙር መሆን አለበት አሉ። ግጥሙን ዛሬ ማንም አይዘፍነውም፤ ዜማው ግን ቆንጆ ነበር። የሳቁት ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑም ገምቻለሁ፤ እኔ በዝናቡ ቀርቼ እንጂ ሦስተኛው እኔ እሆን ነበር።

ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ሥር ስል የሆነ ንጹሕ ነገር፣ አያት ቤት፣ የምድጃ ዳር ነገር አስቤ ነበር። የጋሼ ሥር በግድ የተሰጣቸው መሣሪያና በግድ የዘመሩት መዝሙር ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲነገር ክር ሁሉ ዝም ይላል ብላችሁ ካሰባችሁ የኛን መድረክ አታውቁትም። መልስ 23 በርጩማው የት ነው የተገዛው አለ። መልስ 24 ሄርማታ ገበያ እውነተኛውን ታገኛለህ፤ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለውን ምረጥ፣ በሙጫ የተጣበቀውን እንዳትነካ ሲል መከረ። መልስ 25 ስለ መልስ 3 አጎት በቅሎ ጠየቀ፤ ደህና ናት ወይ? መልስ 3 ተመልሶ ደህና ናት፣ ግን አጎቴ መኪናውን ሊገዛው ነው አለ። የድሮ መኪናውን፣ ያንኑ፣ ከገዛው ሰው ላይ መልሶ። ደጋፊዬ ብዬ የያዝኩት ምሳሌ እንዲህ ሆነ። ይህ 26ኛው ነው።

27ኛውን የጻፈው የቅዳሜው የድምፅ ባለሙያ ነው። ሚክሰሩ ላይ የነበረው ልጅ። ሦስት ቀን ሙሉ ስታወሩ አየሁ፣ የምታውቁ መስሎኝ ዝም አልኩ ብሎ ጀመረ።

ጋሼ ክራር ሊጫወቱ አልመጡም። ጊታራቸውን ይዘው፣ እንደ ሁልጊዜው ቆመው ጀምረው ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አልነሳም አለ። ሰው በስልኩ መብራት እያበራ መነሳት ጀመረ፤ አስተናጋጆቹ ሻማ አመጡ። ጋሼ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ከእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ክራር አምጡልኝ አሉ። አመጣንላቸው። አቧራ አለው፤ አንድ አውታሩ ተበጥሷል። በርጩማውም ከቡና ማፍያው ጥግ ነው የመጣው። ጋሼ የጊታር ሳጥናቸውን ከፈቱ፣ ከትርፍ ገመዶቻቸው ቀጭኗን፣ የመጀመሪያዋን መዘዙ፤ በሻማ ብርሃን ክራሩ ላይ አሰሯት። ቃኙ። መቁረጫ ስላልነበረ ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እኔ ሻማው ለድባብ መስሎኝ ነበር። ደርሼ የተቀመጥኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ባለክራሩ በመልስ 28 ብዙ አልፎከረም። አንድ መስመር ብቻ። በየዘፈኑ መሐል ይቃኙት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ አሁን ሳስበው በየዘፈኑ መሐል ጎንበስ ይሉ ነበር። እኔ ስሜት ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ታዲያ ድካም ነው ብስለት ነው እያልን ሦስት ቀን የተከራከርንበት ነገር መብራት ጠፍቶ ነው? ይህን ብዬ ልሳቅና ክሩን ልዝጋ ስል የድምፅ ባለሙያው 29ኛውን ጨመረ። መብራቱ ሁለት ዘፈን ሳይሞላ መጥቷል አለ። አዳራሹ ቦግ ሲል ሰው እሰይ ብሎ አጨበጨበ። የሚክሰሩ ቀይ መብራት በራ። እሱም የጊታሩን መስመር ከፍቶ፣ ማጉያውን ከፍ አድርጎ፣ ዝግጁ ነኝ ብሎ ወደ መድረኩ አየ። ጋሼ ቀና አላሉም። ቀኝ እጃቸውን ከክራሩ አነሱና መዳፋቸውን ወደ መሬት ዘርግተው ሁለት ጊዜ ዝቅ፣ ዝቅ አደረጉለት። አስተናጋጁም ገብቶት የአዳራሹን መብራት አጠፋው።